«ቡድናችሁ ለድርጅቱ ምን አመጣ?» ሲሉሽ

እህቴ፣ ከቱሉ ዲምቱ የጻፍሽልኝን አነበብኩት። አራት ዓመት የሠራሽ ፕሮግራመር ነሽ፣ ለቡድን መሪነት ኢንተርቪው ገባሽ፣ «ቡድናችሁ ለድርጅቱ ምን አመጣ?» ሲሉሽ «በዓመት 340 ቲኬት ዘግተናል» አልሽ፣ ተመዝግበው የተሰጧችሁን 340 ሥራዎች ጨርሰናል ማለትሽ ነው። ቀዝቀዝ አሉብሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ብሆን ቀዝቀዝ እል ነበር። ቲኬት የድካም ቁጥር ነው፣ የውጤት አይደለም። የኮድ መስመርም እንደዚያው። በ1982 አፕል ውስጥ አለቆች በየሳምንቱ ስንት መስመር ጻፋችሁ እያሉ ፎርም ያስሞሉ ነበር፤ ፕሮግራመሩ ቢል አትኪንሰን ኮዱን አሳጥሮ ፈጣን ካደረገው በኋላ «-2000» ብሎ ሞላላቸው። ብዙም ሳይቆይ እሱን ፎርም ሙላ ማለቱን ተዉት።

ዶራ የሚባሉትን የሶፍትዌር ቡድን መለኪያዎችም ጠቅሰሻል፦ አዲስ ኮድ በየስንት ጊዜው ትለቃላችሁ፣ ኮዱ ተጠቃሚ ጋ እስኪደርስ ስንት ይፈጃል፣ ከለቀቃችሁት ስንት በመቶው ይበላሻል፣ ሲበላሽስ ቶሎ ይነሳል ወይ። ጥሩ ናቸው፣ ያዣቸው። ግን ማንም የማይከፍተውን ገጽ በቀን አምስት ጊዜ ብትለቂም ዶራ ያጨበጭብልሻል።

ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ በግማሽ መስመር አልፈሽዋል። ቃሊቲ መጋዘናችሁ ሁለት የሂሳብ ሠራተኞች የቴሌብር ክፍያን ከደረሰኝ ጋር ሲያመሳክሩ በቀን ሦስት ሦስት ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር፣ እናንተ ከሠራችሁት በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ሆነ። በቀን 5 ሰዓት፣ በ26 የሥራ ቀን 130 ሰዓት! ይህን ትተሽ ቲኬት ትቆጥሪያለሽ?

ብቻ ቸኩለሽ በደመወዝ አባዝተሽ «ይህን ያህል ብር አተረፍን» እንዳትዪ። የተቀነሰ ሰው የለም፣ ደመወዙ እንደወጣ ነው። ፋይናንስ የሚያውቅ ሰው እዚያው ይይዝሻል። ይልቅ አንደኛዋን ሻይ ጋብዣትና የተረፈው ሰዓት ምን ላይ እንደዋለ ጠይቂያት። ምናልባት ክፍያው ቶሎ ስለሚረጋገጥ ከሰዓት ይወጡ የነበሩት አይሱዙዎች ጠዋት መውጣት ጀምረው ይሆናል፣ ምናልባት ሳይከፈልበት የሚወጣ ዕቃ ቀንሶ ይሆናል። እሱ ነው ብር ያለው። በፊት ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ነው፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ፣ ጻፊው። በዚያው ሰሞን መጋዘኑ መኪና ጨምሮ ከነበረም አብረሽ ተናገሪ፣ ሁሉንም ወደ ቡድንሽ አትጎትቺው። የድርጅቱን ሽያጭ ግን በብር አትዘርዝሪ፣ በመቶኛ ይበቃል።

ሲቪሽ ላይ ያለውን 340 ዛሬውኑ አጥፊው። ሻዩን ከጠጣችሁ በኋላ አዲሱን መስመር ላኪልኝ፣ ከማክሰኞው ኢንተርቪው በፊት አየዋለሁ።