ቀንድ የሚመስል ሁሉ ቀንድ ኮራል አይደለም

አንዲት የስድስት ኪሎ ተማሪ ሁለት ድንጋዮች አሏት። አንዱን አጎቷ ከአሜሪካ፣ ከሲንሲናቲ አካባቢ አምጥቶላታል። ሌላውን ራሷ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ መንገድ ዳር አግኝታዋለች። ሁለቱም እንደ ፍየል ቀንድ የሾሉና ጎበጥ ያሉ ናቸው። «ሁለቱም ቀንድ ኮራል ናቸው? ቆርጬ ልያቸው?» ብላ ጠይቃለች።

ቀንድ ኮራል በጥንት ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ፣ ቀንድ የመሰለ ጠንካራ አጽም የሚሠራ የትንሽ እንስሳ ቅሪት ነው። እህቴ፣ ቅርጹን ለጊዜው ተይው። ሰፊውን ጫፍ በጥርስ ብሩሽና በውሃ እጠቢው። እርጥብ እንዳለ የስልክሽን መብራት ከጎን አብሪበት። ኮራል ከሆነ ጫፉ ጎድጎድ ብሎ ከዳር ወደ መሀል የሚሄዱ ቀጫጭን ግድግዳዎች ይታዩሻል። ጭቃ ከደፈነው በእንጨት ስንጥር ቀስ ብለሽ አውጪ፤ ሚስማር ግድግዳውን ያረግፈዋል። ግድግዳ ከሌለውና ጎኑ በንብርብር የሚላጥ ከሆነ ግን ኦይስተር የሚባል የባሕር እንስሳ ዛጎል ሊሆን ይችላል።

የሲንሲናቲው ግድግዳ ካለው ጉዳዩ አለቀ። የዚያ አካባቢ አለት ወደ 450 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ቀንድ ኮራል ሞልቶበታል። የዓባዩ ሌላ ነው። ቀንድ ኮራሎች ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጨርሰው ጠፍተዋል። የዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ በጁራሲክ ዘመን የተፈጠረ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ብታገኚበትም የዛሬዎቹ ኮራሎች ወገን ነው የሚሆነው። ግድግዳ ቆጥሮ መለየትም አለ፤ የዛሬዎቹ ግድግዳቸውን በስድስት ብዜት ይጨምራሉ፣ የጥንቶቹ ግን አዲስ ግድግዳ ያወጡ የነበረው በአራት ቦታ ብቻ ነው። በተበላ ድንጋይ ላይ ግን ቆጠራው አሰልቺ ነው። እኔ የተገኘበትን ቦታ አስቀድማለሁ።

ወደ መቁረጡ እንምጣ። የአሜሪካውን በቢላ ጫር አድርጊው። ከተጫረ ካልሳይት፣ ማለትም ለስላሳው የኖራ ድንጋይ ማዕድን ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃዋል። ከሻካራው ቁጥር 220 ጀምረሽ በ400 እና በ800 አልፈሽ በ1200 ጨርሺ። ካልተጫረ ኳርትዝ ወደሚባል ከቢላ የጠነከረ ማዕድን ተቀይሯል፤ የአልማዝ ዲስክ ስለሚፈልግ ኦፓል ለሚቆርጥ ሰው ስጪው። በሁለቱም መንገድ ውሃ አይለየው፣ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። የጎኑን ቆዳ ደግሞ እንዳትፈትጊው። በ1963 እ.ኤ.አ. ጆን ዌልስ የተባለ ተመራማሪ በጥንት ኮራሎች ቆዳ ላይ ያሉ የዕለት መስመሮችን ቆጥሮ፣ ዴቮንያን በሚባለው ጥንታዊ የምድር ዘመን ዓመቱ ወደ 400 ቀን ይጠጋ እንደነበር አሳይቷል። በብርጭቆ ወረቀት የሚጠፋው ይሄ ነው።

የዓባዩን አትቁረጪው። ብሔራዊ ሙዚየም ከስድስት ኪሎ በእግር የሚደረስ ነው፤ መጀመሪያ እዚያ አሳዪው። ያነሳሽበትን ቦታ፣ በየትኛው የመንገድ ጎንና ከዓባይ ድልድይ ምን ያህል ርቀት ላይ እንደሆነ ጽፈሽ ያዢ።