መዝጊያዋን ታግ ተዋት

ልጆች፣

ሰሞኑን ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አንድ ተማሪ መጥቶ «ጋሼ፣ ሎጊኑ ላፕቶፔ ላይ ይሠራል፤ ሰርቨር ላይ ስጭነው እምቢ አለኝ» አለ። ገና ስክሪኑን ሳላይ ባዶ መስመር ጠረጠርኩ። የቆየ ቁጭትም ተቀሰቀሰብኝ።

እዚሁ ጅማ፣ ድሮ አንድ ቢሮ አብሮን የሚሠራ ልጅ ነበር። ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። የቡና ርክክብ መመዝገቢያ ፒኤችፒ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ ሠራ። አለቆች ተሰብስበው ሊያዩ ቁጭ አሉ። ቡና ተፈልቷል፣ ቆሎ ቀርቧል። ፓስወርዱን አስገባ። ገጹ አናት ላይ «ሄደር ቀድሞ ተልኳል» የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ (ሄደር ከገጹ ይዘት በፊት ለብሮውዘሩ የሚላከው መረጃ ነው)፤ ሲስተሙም አላስገባው አለ። ልጁ የሎጊኑን ፋይል እንደ አዲስ ጻፈው። ያው ነው። «ይሄ ልጅ አይችልም» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ጥሎ ሱቅ ከፈተ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሎጊኑ ኮድ ምንም አልነበረበትም። ጉዱ የዳታቤዝ ማገናኛው ፋይል ውስጥ፣ የፒኤችፒው ኮድ እዚህ አበቃ ከምትለው መዝጊያ ታግ (?>) በታች ነበር፦ ባዶ መስመሮች። ፒኤችፒ ከታግ ውጭ ያገኘውን ሁሉ፣ ስፔስም ቢሆን፣ እንዳለ ወደ ብሮውዘር ይልካል። ከመዝጊያው ጋር የተያያዘችውን አንዷን መስመር መዝለያ ብቻ ይውጣታል። ሄደር ደግሞ ከገጹ ይዘት መቅደም አለበት። አንዲት ስፔስ ከቀደመች በሄደር የሚላኩት፣ መግባታችሁን የሚያስታውሰው ኩኪም ወደ ሌላ ገጽ የሚወስደው ሪዳይሬክትም፣ አበቃላቸው።

የሚያናድደው፣ ማስጠንቀቂያው ራሱ ተናግሮ ነበር። መሃል ላይ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ ውጤቱ የጀመረበትን ፋይልና የመስመር ቁጥር ይጽፋል። ሰው ግን መጨረሻ ላይ የተጠቀሰውን ፋይል ይዞ ይታገላል። እናንተማ ጭራሽ ሳታነቡት ኮፒ አድርጋችሁ ለኤአይ ትሰጣላችሁ። መልሱን ያመጣል፣ አልክድም። ግን ቅንፍ ለማንበብ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

የተማሪው ላፕቶፕ ላይ የሠራው አውትፑት በፈሪንግ በርቶ ስለነበር ነው፤ ከፒኤችፒ ጋር የሚመጡት የማዋቀሪያ ናሙናዎች 4096 ባይት ይሰጡታል። ወደ ብሮውዘር የሚሄደውን ይዘት ለጊዜው ያዝ ስለሚያደርገው ሄደሩ ይቀድማል፤ ጥፋቱም ይሸፈናል። በእሱ አትመኩ። እኔ አንድ ያረጀ ሲስተም በእሱ ደግፌ አቁሜያለሁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፋይሉ ፒኤችፒ ብቻ ከሆነ መዝጊያ ታግ አታስገቡ፤ የፒኤችፒ ኮድ አጻጻፍ ደንብ የሆነው ፒኤስአር-12ም የሚያዘው ይህንኑ ነው። ከመክፈቻው በፊትም ምንም አይኑር። ባዶ ቦታ ሳይታይ ማስጠንቀቂያው ከመጣ ቦምን፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠውን የማይታይ ምልክት፣ ፈትሹ። አማርኛ ስለምንጽፍ ፋይላችንን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ እናስቀምጣለን፤ የድሮው ኖትፓድ ደግሞ ያኔ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 3 የማይታዩ ባይቶች ይጨምራል። ኤዲተራችሁ ላይ «ያለ ቦም» የሚለውን መርጣችሁ እንደገና ሴቭ አድርጉት።