የባሌን ቅድመ አያት ስም ለልጄ ባወጣ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው ነው። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ባለቤቴ ልጃችን ሴት ከሆነች በቅድመ አያቱ ገርትሩድ፣ ወንድ ከሆነ በወንድ ቅድመ አያቱ ጎትሊብ እንበል ይላል። ጓደኞቹ እንኳ «የአሮጊትና የሽማግሌ ስም» እያሉ ይስቁበታል። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ «ፍቺው የማይታወቅ የፈረንጅ ስም፣ ያውም የሞተ ሰው! የልጅሽን ዕድል ይወስደዋል» ብላ አለቀሰች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ኃጢአት የለበትም።

የጎትሊብ ነገር ቀላል ነው። ጀርመኖች «እግዚአብሔርን የሚወድ» ወይም «እግዚአብሔር የወደደው» ብለው ይረዱታል። ይህ እኮ የእኛው ቴዎፍሎስ ነው! ቅዱስ ሉቃስ ወንጌሉን የጻፈለት ሰው፣ የሁለተኛው ፓትርያርካችንም ስም። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1756 ሲጠመቅ ከስሞቹ አንዱ ቴዎፍሎስ ተብሎ ተመዘገበ። አባቱ ግን በደብዳቤው ጎትሊብ ብሎ ጻፈው። ለእናትሽ ይህንን ንገሪያት።

ገርትሩድ ትንሽ ታነጋግራለች። ፍቺዋ ከጦርና ከብርታት ጋር የተያያዘ ነው። ደምመላሽ ብለን ልጅ የምንጠራ ሰዎች ግን በዚህ ባንደነግጥ ደስ ይለኛል። በሐዋርያት ዘመን የነበረውን ሰባኪ አጵሎስን አስቢው። ስሙ ከግሪኮቹ ጣዖት ከአፖሎ የወጣ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ «እኔ ተከልሁ አጵሎስም አጠጣ» ሲል በዚያው ስሙ ጠራው እንጂ «መጀመሪያ ስምህን ቀይር» አላለውም።

«የሞተ ሰው ስም ዕድል ይወስዳል» የሚለው የሰፈር ወሬ ነው። ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት እያልን የምንሰይመው በሕይወተ ሥጋ ባሉ ሰዎች ነው እንዴ?

እናትሽን ግር ያላት ሌላ ይመስለኛል። የእኛ ልጅ የአባቱንና የአያቱን ስም ከኋላው አስከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ አያትን ለማስታወስ ስም መድገም አያስፈልገንም። ጀርመኖች ከኋላ የሚያስከትሉት የቤተሰብ ስም ነው፤ ቅድመ አያትን መዘከር ሲፈልጉ ከፊት ያመጧታል። ባልሽ እየሠራ ያለው እኛ ሳናስበው የምንሠራውን ነው።

የኤልሳቤጥም ጎረቤቶች ልጇን «ዮሐንስ ይባል» ስትል «ከዘመዶችሽ ማንም በዚህ ስም የሚጠራ የለም» ብለው ተከራክረዋል። እዚያ ግን ስሙን መልአክ አምጥቶት ነበር። ለእናንተ መልአክ ስም ስላላመጣ ተመካከሩ። እኔን ካልሽኝ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት እንዳይሾፍባት ገርትሩድን ሁለተኛ ስም አደርጋት ነበር። ጀርመን አገር ከአንድ በላይ ስም ማስመዝገብ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ገርትሩድ የመዝገብ ስሟ ነው። በ80 ቀኗ (ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ) ስትጠመቅ ካህኑ ወለተ ማርያም ወይም ሌላ የክርስትና ስም ያወጣላታል። ስትቆርብ፣ ጸሎት ሲደረግላት የምትጠራው በዚያ ነው። ገርትሩድ የምትባል ቅድስት በካቶሊኮች ዘንድ አለች፤ በእኛ ስንክሳር ስለሌለች ለክርስትና ስም አታቅርቢያት። የክርስትና እናቷንም ከወዲሁ ፈልጊ፣ እዚያ አገር በመጨረሻው ሳምንት ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ለእናትሽ ደግሞ ደውዪና «እማዬ፣ የቤት ስሟን አንቺ አውጪላት» በያት።