ከመኪናው በፊት መሬቱን እዩ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስሄድ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ ባለች አንዲት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ሁለት እግሮች ተዘርግተው አየሁ። የቀረው አካል ቪትዝ ሥር ነው። መኪናዋን አንስቶ የያዛት አብሯት የመጣው ትንሹ የጎማ መቀየሪያ ክሪክ ብቻ ነበር። ስልኩ ጎማው ላይ ተደግፎ አንድ ሰው ስለ ዘይት አቀያየር ያስረዳል።

አልጮህኩም። በድንጋጤ ብድግ ያለ ሰው መኪናውን በትከሻው ይገፋዋልና። አጎንብሼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ልጄ፣ እስቲ አንዴ ውጣልኝ፣ የምጠይቅህ ነገር አለኝ» አልኩት። አቧራውን እያራገፈ ወጣና «ምን ልታዘዝ አባባ?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ጉልበቴ የተንቀጠቀጠው።

በገዛ እጃችሁ አትሥሩ አልልም። አርባ ዓመት ያህል በመካኒክነት ስኖር መኪናውን የሚያውቅ ባለቤት ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ የጋራዥ ዋጋም የት እንደደረሰ አውቃለሁ። ችግሩ ቪዲዮው ላይ ነው። ሁሉን ያሳያል፤ ወለሉን ግን ማንም ልብ አይለውም። ያ ሰው የቆመው እንደ ጠረጴዛ በተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ ነው። እናንተ ደግሞ ከእንጦጦ ሥር ወደ ታች በሚንሸራተት ከተማ ውስጥ ናችሁ። ደልዳላ የሚመስላችሁ ግቢ እንኳ አንድ ጣሳ ውሃ ብታፈሱበት ወደ አንድ በኩል ይሮጣል። ውሃው የሚሮጥበት ቦታ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ኮብልስቶን ሌላ ጣጣ አለው። ባለ ጎማው ክሪክ ሲነሳ ክንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ቅስት ዞሮ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ራሱ ክሪኩ በትንንሽ ጎማዎቹ እየተንከባለለ መኪናው ሥር መጠጋት አለበት። ድንጋዮቹ መካከል ሲሰነቀር መጠጋት ያቅተዋል፤ ያኔ ወይ መኪናውን ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ወይ ጭንቅላቱ ከያዘው ቦታ ይንሸራተታል። ሲያነሱት ተሰንቅሮ የሚጮኽ ክሪክ ካያችሁ አውርዱና ቦታ ቀይሩ። የክረምት አፈር ላይም የመደገፊያው፣ ማለትም መኪናው ከተነሳ በኋላ የሚያርፍበት የብረት ማቆሚያ፣ እግር ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ከእግሩ የሰፋ ወፍራም ጣውላ ሥሩ አድርጉ። ፀሐይ ያሞቀው አስፋልት ላይም ቢሆን ይሰምጣል።

አሁን ወደ ክሪኩ። ዋጋው የፈለገውን ያህል ይሁን፣ የዘይት ክሪክ ውስጥ መኪናውን የያዘው ዘይት ነው፤ ዘይቱን የያዘችው ደግሞ አንዲት ትንሽ የጎማ ቀለበት ናት። እርሷ ስታረጅ አስቀድማ አትናገርም። ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም፤ የሚሸከመው የብረት መደገፊያው ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ሃያ ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ ማለትም አዋቂ ነኝ ባልኩበት ሰዓት፣ የጎረቤቴን ላዳ በክሪክ ብቻ አንስቼ ነበር። ጨርሼ ልወጣ ስል አንድ ቡሎን ወደቀብኝ። መደገፊያዎቹ ሁለት እርምጃ ርቀው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። «ለአንድ ደቂቃ ነው» ብዬ እጄን ሰደድኩ። ላዳው ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። ሕይወቴን ያተረፈው አሠልጣኜ በልጅነቴ እየተቆጣ ያስለመደኝ ነገር ነው፤ የፈታሁትን ጎማ አጋድሜ ከመኪናው ጎን ሥር አስገብቼው ነበር። መኪናው እሱ ላይ አረፈ። የግራ እጄ ትንሿ ጣት ዛሬም አትታጠፍም፤ ስጨብጣችሁ ታውቋታላችሁ። ቡሎኑን በማግስቱ ልጄ አገኘው።

መደገፊያ ስትገዙ፣ ሶማሌ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ፣ የሚችለው ክብደት የተጻፈበትን ምረጡ። የተጻፈው ለአንዱ ይሁን ለሁለቱ አብረው አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ለጥንዱ ነው። ኮሮላ ብቻዋን ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ናት። በብሎኬት እተካዋለሁ የሚል ካለ ይተው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ብረት እንኳ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ብሎኬት ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

የጎማውን ቡሎኖች ጎማው መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጓቸው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ መታገል መኪናውን መነቅነቅ ነው። መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በእንጨት ሽብልቅ አግዷቸው። የእጅ ፍሬኑን አትመኑት፤ በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፣ የኋላውን ካነሳችሁ የቀረው ባዶ ተስፋ ነው። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ «ፒ» ላይ መቆሙም እንዲሁ፤ ከሚነዱት ጎማዎች አንዱ ከተነሣ ሌላው መዞር ይችላል።

የሚነሳበትን ቦታ የመኪናው መመሪያ ያሳያል። በብዙዎቹ ከበሩ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ምልክት አለ። የሞተር ዘይት መያዣውንና ስስ ላሜራውን አትንኩ። ሁለቱን መደገፊያዎች በእኩል ከፍታ አስቀምጡ፣ ጥርሳቸው በትክክል መግባቱን በዓይናችሁ እዩ፣ መኪናውን ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉባቸው። ከዚያ ትከሻችሁን መኪናው ላይ አድርጋችሁ ግፉት። መውደቁ ካልቀረ እናንተ ውጭ ሳላችሁ ይውደቅ። ክሪኩንም ከሥሩ አታውጡት፤ ቦታው ላይ ነክቶ ብቻ ይቆይ።

ብቻችሁን አትሥሩ። መካኒክ መሆን የለበትም፤ በረንዳ ላይ ቡና የምታፈላ ጎረቤትም ትበቃለች፣ ዋናው ድምፃችሁን የሚሰማ ሰው መኖሩ ነው። መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ሥሩ ሆናችሁ ሞተር እንዳይነሣ። ስታወርዱ ደግሞ የሰፈር ልጆች ኳስ ከመኪናው ሥር እንዳልገባ አጎንብሳችሁ አረጋግጡ፤ ኳስ የገባበት ልጅ ይከተላል።

ያ ልጅ ዘይቱን በዚያው ዕለት ቀየረ፤ እቤቴ ድረስ መጥቶ መደገፊያ ተዋሰኝ። እቤቴ ክሪኩና ሁለቱ መደገፊያዎች በአንድ ገመድ ታስረው ነው የሚቀመጡት። ገመዱን ፈትቶ ክሪኩን ብቻ የሚጠይቀኝ ጎረቤት ሲመጣ፣ ቅር ቢለውም፣ አልሰጠውም።