ፈንገስም ቫይረስ ይይዘዋል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል «አፈር ውስጥ ያሉ ፈንገሶችም የራሳቸው ቫይረስ አላቸው» አለንና ወጣ። ፈንገስ ይታመማል ማለት ነው? ከታመመስ ምን ይሆናል? (አንባቢያችሁ፣ ከጅማ)

መልስ፦ እንዲህ ያለ ወሬ ጀምሮ መውጣትማ ግፍ ነው።

አዎ፣ ይይዘዋል፤ ያውም በብዛት። የሚገርመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈንገሱ ምንም ምልክት አያሳይም። ይበላል፣ ያድጋል፣ ይራባል፤ ቫይረሱም ውስጡ አርፎ ይኖራል። ነገሩ መጀመሪያ የተነቃበት በምንበላው እንጉዳይ ነው፤ እሱም ፈንገስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ እንጉዳይ የሚያመርቱ ሰዎች ምርቱ እየተበላሸና ቅርፁ እየተጣመመ አስቸገራቸው፤ ከበሽታው ጀርባ ቫይረስ እንዳለ የታየው በ1962 እንግሊዝ አገር ነው።

እነዚህ ቫይረሶች እንደ ጉንፋን በአየር አይጓዙም። ብዙዎቹ ከፈንገሱ ወጥተው አያውቁም። ፈንገስ የቀጫጭን ክሮች መረብ ነው፤ ሁለት የሚስማሙ ፈንገሶች ሲገናኙ ክሮቻቸው ይዋሃዳሉ፣ ቫይረሱም በዚያው ይሻገራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንል የለ፣ እዚህ ግን ድሩ ሲያብር በሽታም ይጋራል።

በሽታ ማለቱ ራሱ ልክ ከሆነ ነው እንግዲህ። እኔ በግሌ የምወደው ታሪክ የአሜሪካው የሎስቶን ፓርክ ነው። እዚያ ፍል ውሃ በሚፈላበት አካባቢ አፈሩ ሌላ ተክል የሚያቃጥል ነው፣ ግን አንድ የሣር ዓይነት ለምለም ሆኖ ይበቅላል። ተመራማሪዎች ሣሩን ሲመረምሩ ውስጡ ከርቩላሪያ የሚባል ፈንገስ አገኙ። ሣሩን ለብቻው፣ ፈንገሱንም ለብቻው ቢያሳድጓቸው ሁለቱም ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አይችሉም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አፈሩ በቀን ለ10 ሰዓት 65 ዲግሪ እየሞቀ ለሁለት ሳምንት ቆዩ! እሺ፣ ፈንገሱ ነው ሣሩን የሚያድነው ተባለ። ጉዱ የወጣው ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ጥናት ፈንገሱ ውስጥ አንድ የአር ኤን ኤ ቫይረስ ተገኘ። ቫይረሱ የጠፋለትን ፈንገስ ሣሩ ላይ ሲያኖሩት ሣሩ ሙቀቱን አልቻለም። ቫይረሱን ሲመልሱለት ቻለ። ቲማቲም ላይም ሞከሩት፣ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ጨመረ። ሦስቱም ተደጋግፈው ነው የቆሙት፤ አንዱ ከወጣ ጉልቻው ይወድቃል።

እርሾም ፈንገስ ነው፣ እሱም ውስጥ እንዲህ ያለ አለ። አንዳንድ እርሾ በተሸከመው ቫይረስ ምክንያት መርዝ ያመነጫል፣ ጎረቤት እርሾዎችን ይገድላል፣ እሱን ግን መርዙ አይነካውም። ስለዚህ «ፈንገሱ ይታመማል?» ላልሽው፣ አንዳንዱ ይታመማል፣ አንዳንዱ ይጠቀማል፣ የሚበዛው ግን መያዙን እንኳ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ሽምብራ እዘራለሁ። ማሳዬ ላይ ከመሃል እየጠወለገ ይደርቅብኛል። ባለሙያ «አፈር ወለድ ፈንገስ ነው» አለኝ። ልጄ ደግሞ ፈንገሱን የሚያሳምም ቫይረስ አለ ብሎ አነበበልኝ። የት ይገዛል? (አንባቢ፣ ከአድአ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ያነበበልዎ እውነት ነው። ግን የሽምብራዎን ፈንገስ የሚያሳምም ቫይረስ ከሱቅ ገዝተው አያገኙም።

ዘዴው የሠራበት ቦታ አለ፣ በአፈር ላይ ሳይሆን በዛፍ ቅርፊት ላይ። ቼስትነት የሚባለውን ዛፍ የሚገድል ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ1904 ኒውዮርክ ውስጥ ታየ፣ በጥቂት አሥርት ዓመታት የአሜሪካን ቼስትነት ጠራርጎ ጨረሰው ማለት ይቻላል። ጣሊያንም ገብቶ ነበር፤ እዚያ ግን በ1950ዎቹ አንዳንድ ዛፎች ቁስላቸው እየዳነ መጣ። ፈንገሱ ራሱ በቫይረስ ተይዞ ጉልበቱ ደክሞ ነበር። ፈረንሳዮች የደከመውን ፈንገስ እያራቡ ቁስሉ ላይ ቀቡት፣ ሠራላቸውም። አሜሪካኖቹ ሲሞክሩት ግን ብዙም አልሆነላቸውም። ለምን? ቅድም ያልኩትን ያስታውሱ፣ ክሮቹ የሚዋሃዱት ሲስማሙ ብቻ ነው። አሜሪካ ያለው ፈንገስ ዘሩ ብዙ ዓይነት ነው፤ የማይስማሙ ሁለት ፈንገሶች ሲገናኙ የተነካካው ክር ይሞታል፣ ቫይረሱም እዚያው ይቀራል። አፈር ውስጥማ ይብሳል፣ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ማን ያያል?

ቻይና ውስጥ ግን የጎመን ዘር ማሳን የሚያጠፋ ስክለሮቲኒያ የሚባል ፈንገስ ላይ ለየት ያለ ቫይረስ ተገኝቷል፤ ግኝቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ይሄኛው ከፈንገሱ ውጭም ሆኖ በቀጥታ መያዝ ይችላል፣ መዋሃድን አይጠብቅም። ተስፋ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ለእርስዎ ግን የዘንድሮው ሰብል ስለሚበልጥ፣ በሽታውን የሚቋቋም የሽምብራ ዘር ካለ አካባቢዎ ያለውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ። ያንን ማሳ ለተወሰኑ ዓመታት በጤፍ ወይም በስንዴ ያፈራርቁት፤ አንድ ዓመት ብቻ አይበቃም፣ ፈንገሱ ሽምብራ ሳይዘራበትም አፈር ውስጥ 6 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የጠወለገውንም ከነሥሩ ነቅለው ያቃጥሉት እንጂ ማሳው ዳር አይጣሉት።