ስሙን ሦስት ጊዜ ጠርቼው ነበር

መምህራን ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምታስተምር አንዲት ወጣት መምህርት ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ አንደኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ አለኝ። ስጠራው ዝም ይለኛል። ስልሳ ልጅ ይዤ እሱን ምን ላድርገው?» አለችኝ። እስቲ ላስብበት ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

በ1984 ዓ.ም. እኔም እንዲህ ያለ ልጅ ነበረኝ። ትምህርት ቤታችን ለገሃር አጠገብ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው ይግልና ክፍሉ ምጣድ ይሆናል። ልጁ ረዘም ስለሚል መጨረሻው ዴስክ ላይ አስቀመጥኩት። ስጠራው አይመልስም። «ቤታቸው ኦሮምኛ ነው፣ አማርኛው እስኪገባው ነው» አልኩ። ድሬ ላይ ልጅ ሁለት ሦስት ቋንቋ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እኛም ዝምታን ሁሉ በቋንቋ እናሳብባለን። በኋላ በኦሮምኛም ጠራሁት። ያው ዝም። በቃ ትዕቢት ነው አልኩ።

አንድ ቀን የጅቡቲው ባቡር ጡሩምባውን ነፋ። ክፍሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ግር አለ። እሱ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። «እንደሱ ሁኑ! አጨብጭቡለት!» አልኩ። ሲጨበጨብ ቀና አለና ዙሪያውን አየ። ከዚያ እሱም አብሮ አጨበጨበ።

በዚያው ሳምንት ደብተር ሳርም የእሱ ጋ ደረስኩ። ጽሑፉ ያምራል። ቀኑም ርዕሱም ልክ ነው። ከላይ ያለው ስም ግን የእሱ አልነበረም። አጠገቡ የሚቀመጠውን ልጅ ደብተር ከነስሙ ነበር የገለበጠው። ወደ ፊት እንዲወጣ ሦስት ጊዜ ጠራሁት። አልመጣም። ሄጄ ልጆቹ ሁሉ እያዩ «ኮራጅ» አልኩት፣ መዳፉንም በማስመሪያ መታሁት። አላለቀሰም። መዳፉን ብቻ እያገላበጠ ያይ ነበር።

ጆሮዎቹ ይመግላሉ። እናቱ ጥጥ ወትፋበት ነበር የምትልከው። ያንን ጥጥ በየቀኑ አየዋለሁ፤ አንድ ቀን ግን ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም።

ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ ቀረ። እናቱን ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ስትሸጥ አገኘኋትና ምነው ብላት፣ «ትምህርት ቤቱን እምቢ አለኝ። እኔን ግን ፊት ለፊቱ ሆኜ ስነግረው እሺ ይለኛል» አለችኝ። የደቻቱን ወንዝ ስሻገር ነው ነገሩ የገባኝ። ልጁ በደንብ አይሰማም፤ የሚረዳው አፍ እያየ ነው። እኔ የምጠራው ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ገጠር፣ አያቱ ጋ ልካዋለች። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ፖሊሲ ስላልነበረ ነው እንዳትሉኝ። አካል ጉዳተኛውም ልዩ ተሰጥኦ ያለውም እንደ ችሎታውና እንደ ፍላጎቱ ይማር ያለው የትምህርት ፖሊሲ እርግጥ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1986 ነው የወጣው። ጥጡን ለማየት ግን ፖሊሲ አያስፈልግም ነበር። እናንተ ደግሞ አካቶ ትምህርትን፣ አካል ጉዳተኛው ከሌላው ልጅ ጋር አብሮ የሚማርበትን፣ በኮርስ ወስዳችሁታል፣ በዚህ እቀናባችኋለሁ። ግን አቦ፣ ቲክቶክ ላይ ሁለት ቪዲዮ አይታችሁ፣ ሲጠራ ያልዞረውን ልጅ ሁሉ «ኦቲዝም ነው» ማለት አብዝታችኋል። ስም ለጥፋችሁ መጨረሻ ዴስክ ካስቀመጣችሁት እኔ ካደረግኩት በምን ይለያል?

ልጆች አብረው፣ በአንድ ክፍል ይማሩ ባይ ነኝ። ጨርሶ የማይሰማን ልጅ ግን የምልክት ቋንቋ የሚያወራው ሰው በሌለበት ክፍል መወርወር ግፍ ነው እላለሁ። ሁለቱ ይጋጩብኛል፤ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ።

አንቺ የደወልሽው ልጄ፣ ስልሳ ተማሪ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ልጁን ከፊት አስቀምጪው። ስትናገሪ ዞረሽ አፍሽን ይየው። በእረፍት ሰዓት ከኋላው ሁለት ሦስት እርምጃ ርቀሽ ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ጥሪው። እንዳያይሽ ተጠንቀቂ፣ ጥላሽም ከፊቱ መሬት ላይ እንዳያርፍ። ካልዞረ ሌላ ቀን ድገሚው፤ ጉንፋንም ጆሮ ይደፍናል። ጆሮው የሚመግል ከሆነ ግን አትጠብቂ፣ እናቱን አስጠሪና ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ጆሮው ውስጥ ምንም ነገር እንዳይጨምሩበትም ንገሪያት። ስታናግሪያት በቁጣ አይሁን።

ዞረ አልዞረ፣ ማታ ደውይልኝ። ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ።