ከ94 ገጽ ቴሲስ አንድ አርቲክል እንዴት ይወጣል?

ጥያቄ፦ «በኅብረተሰብ ጤና ማስተርሴን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ‹የታተመ ጥናት አለሽ ወይ?› እባላለሁ። ቴሲሴ ነፍሰ ጡር እናቶች የቅድመ ወሊድ ክትትል ለምን ዘግይተው እንደሚጀምሩ ያጠናሁበት ነው፤ 94 ገጽ ነው። ወደ 20 ገጽ አሳጥሬ ለአንድ ጆርናል ብልከው ለገምጋሚ እንኳ ሳይሄድ በስድስተኛው ቀን መለሱልኝ። አሁን ደግሞ ሌላ ጆርናል በኢሜይል ‹150 ዶላር ክፈይና በአምስት ቀን እናትምልሻለን› ብሎኛል። ልክፈል? ወይስ ችግሩ አጻጻፌ ላይ ነው?»

ውድ እህቴ፣

በመጀመሪያ፣ እንዳትከፍይ። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። አሁን ስለ ጽሑፍሽ እናውራ።

ደብዳቤሽን ሳነብ «አሳጥሬ» የምትለው ቃል ላይ ቆምኩ። እኔ ጋ ከሚመጡ ተመራቂዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ይላሉ። ቴሲስ የሚጻፈው ለፈታኝ ነው። ሥራውን እንደምታውቂ ለማሳየት ያነበብሽውንም የለካሽውንም ሁሉ ታስገቢያለሽ። አርቲክል የሚያነበው ግን የማያውቅሽ ሰው ነው። ምናልባት ሌላ አገር ያለ ሐኪም ነው፤ ምናልባት ጤና ቢሮ ውስጥ ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። እሱ የሚጠይቅሽ «ምን አገኘሽ? ለምንስ ልመንሽ?» ብሎ ነው። 94ቱን ገጽ 20 ስታደርጊው የተጨመቀ ቴሲስ ይሆናል እንጂ ለዚህ ሰው መልስ አይሆንም።

ስለዚህ ቴሲስሽን ዝጊው። ባዶ ወረቀት አውጪና ያገኘሽውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፊ። ለሥራ ባልደረባሽ ቡና ላይ እንደምትነግሪው አድርገሽ። «ስለ ክትትል መዘግየት አጠናሁ» ካልሽ ርዕስሽን ነገርሽኝ እንጂ ግኝትሽን አልነገርሽኝም። «እኛ ወረዳ እናቶች የሚዘገዩት በርቀት ይመስለኝ ነበር፤ ዳታው ያሳየኝ ግን የባል ነገር እንደሆነ ነው» ብትይኝ፣ እኔም ጆሮዬን እሰጥሻለሁ። አርቲክሉ የሚቆመው በዚያ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። እሱን የማይደግፍ ሠንጠረዥ፣ አንቀጽ፣ ማጣቀሻ ሁሉ ይውጣ። እንደሚያም አውቃለሁ። ለዚያ ዳታ ስንት ቀን በእግርሽ እንደሄድሽ አንቺ ታውቂያለሽ።

አንድ የአገራችንን ምሳሌ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ደግሞ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተገኙ። ያንን ትዝብት ወደ ጥያቄ ቀየሩት፦ የገደላቸው እንዶዱ ይሆን? ሞከሩት፤ ገደለ። በዓመቱ በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ አሳተሙት። ጽሑፉ ጥቂት ገጾች ብቻ ነው፤ ርዕሱም ራሱ «የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት» ይላል። ቢልሃርዚያን አጠፋሁ አላሉም። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ብቻ ነገሩን። ከብዙ ዓመት ምርምር በኋላ እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ሙከራ፣ ማስረጃው የሚችለውን ያህል ብቻ የሆነ ድምዳሜ። ያንቺም እንዲህ ይሁን።

አሁን ወደ መግቢያሽ። አላየሁትም፤ ግን «በዚህ ወረዳ ከዚህ በፊት ጥናት አልተደረገም» የሚል መስመር እንዳለበት እገምታለሁ። የአገራችን ቴሲስ ሁሉ ይህን ይላል። ለኤዲተሩ ግን ይህ ምክንያት አይሆነውም። ያልተጠና ወረዳ መቼም አይጠፋም። እሱ የሚጠይቀው ያንቺ ወረዳ ሌላው ያላሳየንን ምን ያሳየናል ብሎ ነው። አርብቶ አደሮች ናቸው? ጤና ጣቢያው ቅርብ ሆኖ ሳለ እናቶች ይዘገያሉ? እንዲህ ያለ ነገር ካለ እሱን ጻፊ። የመግቢያው አወራረድ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትትል እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲጀመር ይመክራል፤ ከዚያ የሚታወቀውን ንገሪን፤ ከዚያ የማይታወቀውን፤ በመጨረሻ አንቺ የጠየቅሽውን። ሦስት ወይም አራት አንቀጽ ይበቃል። የእናቶችን ሞት ታሪክ ከዓለም ጀምረሽ፣ በአፍሪካ አድርገሽ፣ እስከ ወረዳ መውረድ አያስፈልግሽም።

ስትጽፊ ግን ከመግቢያው አትጀምሪ። ብዙ ሰው የሚደክመው እዚያ ነው። መጀመሪያ ሠንጠረዦችሽን ሥሪ፤ ሦስት ቢሆኑ ጥሩ፣ ከአራት አይብለጡ። ቀጥሎ የጥናት ዘዴውን ጻፊ፤ የሠራሽውን ስለምታውቂው እጅሽን ያፍታታዋል። ናሙናውን እንዴት እንደመረጥሽ፣ መጠይቁ በምን ቋንቋ እንደተሞላ፣ «ዘግይታለች» ያልሽው ከስንተኛው ሳምንት በኋላ ለጀመረች እንደሆነ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ማን እንደሰጠሽ ሁሉ ይግባ። እንዳንቺ ላለ ጥናት ስትሮብ የሚባል 22 ነጥብ ያለው መቆጣጠሪያ ዝርዝር አለ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። አውርጂና በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ምልክት አድርጊ። ብዙ ጆርናሎች ራሳቸው ይጠይቁሻል።

ውጤት ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሠንጠረዡ ያለውን በቃላት አትድገሚ። «ያገቡ ይህን ያህል በመቶ፣ ኦርቶዶክስ ይህን ያህል፣ ሙስሊም ይህን ያህል» እየተባለ አንድ ገጽ ሲሞላ አንባቢ ያልፈዋል። ዋናውን ብቻ አንሺ። ለምሳሌ ብዙ ረቂቅ ላይ እንዲህ የሚል አያለሁ፦ «የባል ድጋፍ ከክትትል መዘግየት ጋር ስታቲስቲካዊ ቁርኝት አለው (ፒ=0.000)።» ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ፒ (በእውነት ቁርኝት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል) ዜሮ አይሆንም። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር፣ በተለይ የቆዩት ቅጂዎቹ፣ ሦስት አሃዝ ብቻ ስለሚያሳይ ነው 0.000 የሚለው፤ የሚጻፈው «ከ0.001 በታች» ተብሎ ነው። ገምጋሚ ይህን ሲያይ ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ቁርኝቱ ወዴት ነው? ምን ያህል ነው? ዐረፍተ ነገሩ አይነግረንም። እንዲህ ብታደርጊውስ፦ «ባላቸው ጤና ጣቢያ አብሯቸው የማይመጣ እናቶች ዘግይተው የመጀመር ኦድሳቸው አብሯቸው ከሚመጣው 2.1 እጥፍ ነበር (95 በመቶ ሲአይ፦ ከ1.4 እስከ 3.2)።» ሲአይ ማለት እውነተኛው ቁጥር ሊያርፍበት የሚችለው ክልል ነው። ቁጥሩን ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው፤ አንቺ የራስሽን አስገቢ። «ኦድስ» (የዘገዩት ቁጥር ላልዘገዩት ሲካፈል) ያልኩትም በምክንያት ነው። መዘግየት ብዙ እናቶች ላይ የሚታይ ከሆነ የኦድስ እጥፍ ከዕድል እጥፍ ጋር አንድ አይደለም። «ዕድላቸው በእጥፍ ይጨምራል» ብለሽ ከጻፍሽ ከእውነቱ በላይ አጋነንሽ ማለት ነው።

ውይይቱ ደግሞ። ከብዙ ቴሲሶች ጋር ከተቀመጥኩ በኋላ ይህን አንቀጽ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ይህ ውጤት እዚህ ቦታ ከተደረገው ጥናት ከፍ ያለ፣ እዚያ ከተደረገው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ልዩነቱ በናሙና መጠን፣ በጥናት ጊዜና በማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሁኔታ ምክንያት ሊሆን ይችላል።» ለእያንዳንዱ ቁጥር ይህ ይደገማል። እህቴ፣ ይህ ምንም አይነግረንም። የናሙና መጠን ብቻውን በመቶኛውን ከፍና ዝቅ አያደርገውም፤ የሚቀይረው እርግጠኝነታችንን ነው። ከሌሎች ጋር ማወዳደር ካለብሽ ሁለት ወይም ሦስት ጥናት ምረጪና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በትክክል ንገሪን። ምናልባት እነሱ «ዘገየ» የሚሉት ከ16ኛው ሳምንት በኋላ ሲሆን አንቺ ግን ከ12ኛው ጀምረሽ ነው የቆጠርሽው። ይህ ልዩነትን ያስረዳል። ውይይቱን በዚያ ቡና ላይ በነገርሽው ዐረፍተ ነገር ጀምሪ። ከዚያ አንቺ ጤና ጣቢያ ውስጥ በየቀኑ የምታዪውን አምጪ። እናቶቹ ለምን ዝም ብለው ይቆያሉ? እርግዝና ሳይገፋ መናገር የሚፈራበት ቤት አለ? እንዲህ ያለውን ከዩኒቨርሲቲ ወንበር ያልተነሳ ሰው ሊጽፈው አይችልም። አንቺ ግን ቦታው ላይ ነሽ። ብቻ የታዘብሽውን እንደ ግምት አቅርቢው፤ ከዳታሽ እንደወጣ አድርገሽ አትጻፊው።

ጥናትሽ በአንድ ወቅት የተሰበሰበ ዳታ ስለሆነ «ባል አለመምጣቱ እናትን አዘገያት» ማለትም አትችይም። አብረው ታይተዋል፤ ያ ነው ያለሽ። ድክመቱን ራስሽ ቀድመሽ ጻፊው። ገምጋሚ ከሚነግርሽ አንቺ ብትነግሪው ይሻላል።

አብስትራክት (የጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ) እና ርዕስ በመጨረሻ ይጻፋሉ፤ ግን ቀልድ አይደሉም። በስድስት ቀን የተመለሰልሽ ጽሑፍ ምናልባት ከነዚህ አላለፈም። ኤዲተር በቀን ስንቱን ይከፍታል። የሚያነበው ርዕሱን፣ አብስትራክቱንና አብሮ የሚላከውን ደብዳቤ ነው፤ ከዚያ ወይ ለገምጋሚ ይልከዋል ወይ ይመልሰዋል። ደብዳቤሽ አጭር ይሁን፦ ምን ጠየቅሽ፣ ምን አገኘሽ፣ ለምን የዚያ ጆርናል አንባቢ ይፈልገዋል። ከመላክሽ በፊት ደግሞ የጆርናሉን የቅርብ እትሞች አገላብጪ። እንዳንቺ ያለ ጥናት አትመው የማያውቁ ከሆነ ጽሑፍሽ ቢያምርም ይመለሳል።

ስለ 150 ዶላሩ። ማንም ጥሩ ገምጋሚ በአምስት ቀን አንብቦ፣ አንቺ አርመሽ፣ እሱ ደግሞ አይቶ አይጨርስም። ስለዚህ የሚነግሩሽ አይገመገምም ማለት ነው። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ላለ ጆርናል ከፍዬ ነበር። ድረ ገጹ ከጊዜ በኋላ ጠፋ፣ ጽሑፌም አብሮ ጠፋ። ሌላ ቦታ እንዳልልከው ደግሞ «ታትሟል» ተብሏል። የሁለት ዓመት ሥራዬ ነበር፤ አሁንም ይቆጨኛል። የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ኮሚቴም እነዚህን ጆርናሎች እየለየ ነው፤ ሲቪሽ ላይ መኖሩ ራሱ ሊጎዳሽ ይችላል። ክፍያ ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለቴ ግን አይደለም። ትክክለኛ ጆርናሎችም ያስከፍላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚልኩ ጸሐፊዎች ክፍያውን ያነሳሉ ወይ ይቀንሳሉ። ስትልኪ ጠይቂ፤ ከተቀበሉሽ በኋላ መጠየቅ ያስቸግራል። ከአገር ውስጥ የኢትዮጵያ ጤና ልማት ጆርናል አለ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናልም አለ። ለማንበብ ደግሞ ሂናሪ በሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች በተቋም በኩል በነፃ ማግኘት ይቻላል። የተማርሽበትን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ።

አልጠየቅሽኝም፣ ግን ስም ላይ እንዳትቸገሪ። አማካሪሽ በጥናቱ ሐሳብ ወይም በትንተናው ከሠሩ፣ ረቂቁን አይተው ካረሙ፣ የመጨረሻውን ካጸደቁና ለሚወጣው ሁሉ አብረው ኃላፊነት ከወሰዱ ስማቸው ይገባል። ሳትነግሪያቸው ግን አትላኪ። አለቃሽ ስለሆነ ብቻ «ስሜን አስገቢ» የሚልሽ ሰው ካለ፣ በአክብሮት ምስጋና ክፍል ውስጥ እንደምታነሺው ንገሪው። የመጀመሪያው ስም ያንቺ ነው። ዳታውን የሰበሰብሽው አንቺ ነሽ፣ የጻፍሽውም አንቺ ነሽ። በዚህ አትደራደሪ።

ገምጋሚዎች መልስ ሲልኩልሽ መጀመሪያ ቀን ልብሽ ይሰበራል። አንብቢውና አንድ ሁለት ቀን ተይው። ከዚያ እያንዳንዱን አስተያየት ቅጂ፣ ከሥሩ ምን እንዳስተካከልሽና በስንተኛው ገጽ እንደሆነ ጻፊ። ካልተስማማሽ ለምን እንደሆነ በትሕትና ከማስረጃ ጋር አስረጂ። «አርሚና መልሺ» ማለት በሩ ክፍት ነው ማለት ነው፤ ብዙ ሰው እንደ ውድቅ ቆጥሮት ይተወዋል።

ለአሁን ሁለት ነገር ብቻ ሥሪልኝ። ያንን ቡና ላይ የምትነግሪውን አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፊ፤ እሱን የሚደግፈውን አንድ ሠንጠረዥ አብረሽ አድርጊ። ሁለቱን ላኪልኝና እናያቸዋለን።